«ቤት አይከስርም» ለሚሉ መካሪዎች

በአገራችን ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ደመወዝተኛ፣ በባሕር ማዶ በስደት ላቡን አንጠፍጥፎ ያጠራቀመም ይሁን በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ዕድሜውን የፈጀ፣ ገንዘቡን በምን ላይ ቢያውለው እንደሚበጀው ምክር በጠየቀ ጊዜ፣ ዘመድ ወዳጁ አስቀድሞ ጉባኤ አድርጎ የተስማማበት እስኪመስል ድረስ ባንድ ቃል የሚመልስለት «ቤት ሥራና አከራይ፤ ቤት አይከስርም» ብሎ ነው። ይህ ምክር ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ ዛሬ ከምክርነት አልፎ እንደ ሃይማኖት ቀኖና የማይመረመር ሆኗል፤ ልመርምረው የሚለውንም ሰው ድፍረት እንደጎደለው እስከ መቁጠር ተደርሷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ይኸው ድምፅ በአፋር ስላሉት ስለ አዋሽ ሰባትና ስለ ሰመራ እየበረታ መጥቷል፤ አዲሱ ባቡር ሥራ ጀመረ፣ ደረቅ ወደቡ ተከፈተ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተሠራ፣ ዩኒቨርሲቲው ተስፋፋ እየተባለ፣ ቦታ ቀድሞ የያዘ ሰው ቁጭ ብሎ ኪራይ እንደሚሰበስብ ለጀማሪው ይነገረዋል።

እኔ ይህን ምክር እቃወመዋለሁ። የምቃወመውም ቤት ሠርቶ ማከራየትን እንደ ነውር ቆጥሬ አይደለም፤ ሁለቱም ከተሞች የመኖሪያ ቤት እንደሚጎድላቸው፣ በቅን ልቡና የሚሠራ አከራይም ለአገሩ የሚጠቅም ሰው እንደሆነ አምናለሁና። ክርክሬ ከመካሪዎቹ የአስተሳሰብ ሥርዐት ጋር ነው። እነርሱ ነገሩን ከቦታው ጀምረው፣ ወደ ግድግዳውና ወደ ጣሪያው ተሻግረው፣ ተከራዩን ግን ቤቱ ካለ ራሱ እንደሚመጣ አድርገው በመጨረሻ ይተዉታል፤ በእውነቱ ግን የኪራይ ቤት ሐሳብ ሁሉ ከተከራዩ ኪስ ሊጀምር ይገባዋል። የእስኮትላንዱ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አዳም ስሚዝ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1776 ስለ ሕዝቦች ሀብት ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ይህን ነገር አብራርቶታል፤ መኖሪያ ቤት እንደ እርሻ ወይም እንደ ወፍጮ ራሱ ፍሬ የሚሰጥ ነገር ባለመሆኑ፣ ተከራዩ ኪራዩን የሚከፍለው ከሌላ ስፍራ፣ ይኸውም ከጉልበቱ ወይም ከንግዱ ወይም ከመሬቱ ከሚያገኘው ገቢ እንደሆነ አስረድቷል። እንግዲህ ያ ሌላው ገቢ በተቋረጠ ዕለት ግድግዳው ቢጸናም፣ ካርታው በእጅ ቢኖርም፣ ኪራዩ አብሮ ይቋረጣል ማለት ነው።

ለዚህ ነገር የአፋር ምድር ራሷ ምስክር ናት። ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ አልፎ፣ ሎጊያንና ሰመራን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀውን መንገድ አስተውሎ የተመለከተ ሰው፣ ከተማ እንዴት እንደሚበቅልና እንዴት እንደሚደርቅ ከማንኛውም ትምህርት ቤት በተሻለ ሊማርበት ይችላል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ወደብ በኩል ይገባ ስለነበር፣ ይህ መንገድ ሌትና ቀን መኪና የማይቋረጥበት ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ግን መኪናው ሁሉ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከዲችኦቶ ወደ ቡሬ፣ ማለት ወደ አፋሩ ቡሬ እንጂ ወደ ጎጃሙ አይደለም፣ የሚወስደው ክፍል ጸጥ አለ። በዚያ አቅጣጫ ከሾፌርና ከረዳት ዕለታዊ ወጪ ይኖር የነበረ ሰው ሁሉ፣ በቤቱ ሥራ ላይ አንዳች ጥፋት ሳይገኝበት፣ መተዳደሪያው ባንድ ወቅት ቆመ። በአንጻሩ ደግሞ ሎጊያና ሚሌ የጅቡቲው መንገድም በእነርሱ በኩል ስለሚያልፍ ተረፉ። ይህን ዕጣ የለየው የመንገዱ መታጠፊያ ነው።

አሳይታን እንውሰድ። የአውሳ ሱልጣኖች መቀመጫ፣ በኋላም የአፋር ክልል ዋና ከተማ የነበረች፣ የአዋሽን ውኃ የምትጠጣ፣ ዘምባባ የከበባት ጥንታዊት ከተማ ናት፤ ነገር ግን ሰመራ በምድረ በዳው ላይ በንድፍ ተቆርቁራ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ወደ እርሷ በተዛወሩ ጊዜ፣ የቢሮው ጸሐፊ፣ የሒሳብ ሹሙ፣ ነጂውና ዘበኛው አብረው ተዛወሩ። ደመወዝተኛው ከሄደ በኋላ ለደመወዝተኛ የተሠራ ክፍል ምን ያደርጋል? ዛሬ ሰመራ ላይ «ዋና ከተማ ናት፣ አትወድቅም» እያለ የሚመክር ሰው፣ ዋና ከተማነት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ተጉዞ ወደ ሰመራ የመጣ ነገር መሆኑን ማስታወስ ይገባው ነበር።

ከሰመራ አጠገብ ያለችው ዱብቲም ሌላ ምስክር ናት። የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ባቋቋመ ጊዜ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ወደዚያ ወረደ፤ ደርግ እርሻውን በ1967 ወረሰው፤ ከዚያም ብዙ ዓመት ቆይቶ የተንዳሆ ግድብ ተሠራ፤ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት የስኳር ፋብሪካም ተተከለ፤ ሥራው ግን እንደታሰበው ሊዘልቅ አልቻለም። በእያንዳንዱ ምዕራፍ «አሁን ከተማው ይሞላል» ያለ ሰው አልጠፋም። ታላላቅ ሥራዎች ሲጀመሩ የግንባታው ሠራተኛ ስለሚመጣ ክፍል ይወደዳል፤ ግንባታው ሲያልቅ ግን ያ ሠራተኛ ዕቃውን ጭኖ ወደሌላ ግንባታ ይሄዳል፤ ጀማሪው አከራይም ብዙውን ጊዜ ቤቱን የሚጨርሰው ልክ በዚያ ወራት ነው።

ስለ አዋሽ ሰባት ግን ረዘም አድርጌ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም «ባቡር ባለበት ቤት ይከበራል» የሚለው አነጋገር ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው በእርሷ ላይ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነበር፤ በዚያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተጓዡም አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን ሌሊት በአዋሽ ያድር ነበር። አዋሽን ከተማ ያደረጋት ይህ ሌሊት ነው። በጣቢያው አጠገብ የግሪክ ሰዎች ያስተዳድሩት የነበረው አሮጌው ቡፌ፣ በዙሪያው የበቀለው የአልጋ፣ የምግብና የጥበቃ ሥራ ሁሉ የተደገፈው ባቡሩ በማለፉ ላይ ሳይሆን በማደሩ ላይ ነበር። ባቡሩ ሲፈጥን አዳሪው ቀነሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አሮጌው መስመር ፈጽሞ ሲቆም ደግሞ ከተማይቱ የመኪናውን መንገድ ይዛ ቀረች። አሁን በ2009 የተመረቀው፣ በ2010 ለንግድ አገልግሎት የተከፈተው የኤሌክትሪክ ባቡር ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሐዲዱም በአዋሽ በኩል ያልፋል። መካሪው ይህን ብቻ አይቶ ቦታ ግዛ ይላል። እኔ ግን ጀማሪውን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከዚህ ባቡር በአዋሽ የሚወርድ ማን ነው? በዚያ ወርዶ ቤት ተከራይቶ የሚኖርስ ስንት ነው? ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ የተጀመረው ሌላው መስመር ከተፈጸመ አዋሽ መገናኛ ጣቢያ ስለምትሆን ሠራተኛ በዚያ ይሰፍር ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የዚህን መስመር ሐዲድ በዓይኑ ያየ ሁሉ በመደበኛ የሚመላለስ ባቡር አላየበትም፤ ላልተንቀሳቀሰ ባቡር ዛሬ ብሎኬት መደርደር ተስፋን ማከራየት ነው።

በሰመራ የተከራዩ ነገር መልኩ ሌላ ነው። በዚያ ተከራይ ሆኖ የሚገኘው በአብዛኛው የክልሉ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ የዱብቲ ሆስፒታል ነርስ፣ የባንክ ገንዘብ ያዥ፣ የእርዳታ ድርጅት ባልደረባ ነው። ሲቆጠሩ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የሚከፍላቸውን ስንመረምር አብዛኞቹ ባንድ ከፋይ፣ በመንግሥት በጀት ሥር ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ 6 ክፍል ያከራየ ሰው 6 ምንጭ ያለው ይመስለዋል እንጂ ምንጩ አንድ ነው፤ ደመወዝ ሲዘገይ ስድስቱም ባንድ ወር ይዘገያሉ። ከዚህም በላይ ከደጋው የመጣው ሠራተኛ ሙቀቱን ፈርቶ፣ የልጆቹንም ትምህርት አስቦ ቤተሰቡን በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ትቶ ብቻውን መምጣቱ የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚፈልገው አንድ ንጹሕ ክፍልና የራሱ መጸዳጃ እንጂ ባለ ሦስት መኝታ ቪላ አይደለም። ከባሕር ማዶ የተመለሰው ወንድማችን ግን ኑሮውን ባየበት አገር ዓይን እየመዘነ፣ ሳሎኑን አስፍቶ፣ ወለሉን በሴራሚክ አልብሶ፣ ከዚያም ተከራይ ሲያጣ የከተማውን ሰው ዋጋ አያውቅም ብሎ ያማርራል። የከተማው ሰው ዋጋ ያውቃል፤ ያልታወቀው የተከራዩ አኗኗር ነው።

ይህን አኗኗር በቅርብ እንመልከተው። በሰኔ ወር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ ሳለ፣ በሰመራ አንድ ተርታ የሰርቪስ ክፍል ውስጥ የገባ ሰው፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲለጠጥ ድምፅ ሲሰጥ ይሰማል፤ እጁን በብሎኬቱ ላይ ቢያሳርፍ ግድግዳው እንደ ምጣድ ይፈጀዋል፤ ቬንትሌተሩ ቢዞርም የሚያመላልሰው ያንኑ የጋለ አየር ነው፤ በፀሐይ ላይ ከተሰቀለው ሮቶ የሚወርደው ውኃ ገላ ስለማያስነካ፣ ሴቶቹ ለጠዋት የሚሆነውን ውኃ ማታ በባልዲ ቀድተው ያሳድሩታል። ሌሊት ሲመጣ ማንም በክፍሉ ውስጥ አይተኛም፤ አልጋና ፍራሽ ወደ ግቢ ይወጣል፤ አጎበር በገመድ ይታሰራል፤ ሰው ሁሉ በሰማይ ሥር ያድራል። እንግዲህ ግቢው በዚያ አገር ባዶ ቦታ ሳይሆን መኝታ ቤት ነው። መካሪው ግን «ቦታ አታባክን፣ ግቢውን በክፍል ሙላው» ብሎ ያዛል፤ ጀማሪውም ታዝዞ ሁለት ክፍል ለመጨመር የስድስት ተከራይ መኝታ ይደመስሳል፤ ከዚያም ተከራዮቹ አንድ ክረምት ቆይተው ለምን እንደለቀቁ ሊገባው አይችልም።

የጥንቱ ሰው ይህን ያውቅ ነበር። የአፋር ሴቶች ከታጠፈ እንጨትና ከዘምባባ ሰሌን የሚሠሩት ዳቦይታ ነፋስ ያስገባል፤ ፀሐይ ይከለክላል፤ ሲያስፈልግ ተነቅሎ በግመል ይጫናል። በአዋሽ የጣቢያውን ቡፌ የሠሩትም የውጭ አገር ሰዎች ግድግዳውን አወፍረው፣ ጣሪያውን ከፍ አድርገው፣ በረንዳውን አስፍተው ዛፍ ተክለውበታል። ሁለቱም ወገኖች የሠሩት ለሙቀቱ ነው፤ የዛሬው ተርታ ክፍል ግን የተሠራው ለአናጢውና ለሲሚንቶ ነጋዴው ምቾት ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ መስኮት በአንድ ወገን ብቻ ያለው ክፍል፣ በረንዳ የሌለው በር ርካሽ ይመስላል፤ ክፍሉ በየዓመቱ ለሁለት ወር ባዶውን ቢያድር ግን የበረንዳው ወጪ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይታጣል። ሮቶው ጥላ ሥር እንዲቀመጥ፣ መስኮት ከመስኮት ትይዩ እንዲሆን፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ የመብራት ቆጣሪ እንዲኖረው እመክራለሁ፤ በዚያ አገር አከራይና ተከራይን ከሚያጣሉ ነገሮች ሁሉ ዋናው ባንድ ቆጣሪ ላይ የተቀጠለ ማቀዝቀዣ ነውና። የቧንቧው ውኃ በጠፋ ጊዜ ቦቴ የሚገባበት በር መኖሩም ከበሩ ቀለም ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል።

መሬቱም ዝም ብሎ የተኛ አይደለም። ከሰመራ ወደ ምሥራቅ በመንገዱ ላይ የምትገኘው ሰርዶ በመጋቢት 1961 በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ ሰውም ሞቷል። በ2017 ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ከመስከረም ጀምሮ መሬት ወራት ሙሉ ሲናወጥ ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን የተመዘገበው የመንቀጥቀጥ መጠን 5.7 ያህል ደረሰ፤ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብም ከቀዬው ተነሣ። በእነዚያ ወራት የግድግዳ መሰንጠቅ ያየ ሰው «ቤት አይከስርም» የሚለውን ቃል እንደገና ለመናገር እንዴት ድፍረት እንደሚያገኝ አላውቅም። አፋር የምድር ቅርፊት እየተለያየ የሚሄድበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ይህ ደግሞ በዘመናችን የሚቆም ነገር አይደለም። ስለዚህ ግድግዳውን ከታችና ከላይ አጥብቆ የሚያስረው በፌሮ የተሠራ ቢም፣ ቀለል ያለ ጣሪያና ከአንድ ፎቅ ያልበለጠ ከፍታ ለጀማሪው ከጌጥ ሁሉ በፊት የሚገቡ ወጪዎች ናቸው። ግንበኛው «እዚህ አገር ማንም አያስረውም» ቢል ሌላ ግንበኛ መፈለግ ይሻላል፤ በሚፈርስ ግድግዳ ሥር የሚያድረው ነፍስ ነውና፣ ይህ የትርፍና የኪሣራ ነገር ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። በወንጌል ግንብ ሊሠራ ያሰበው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ መመከሩ ለነፍስ ነገር የተነገረ ምሳሌ ቢሆንም፣ ለሥጋው ነገርም አይሳሳትም። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ እጠቅሳለሁ፤ እያንዳንዱ በራሱ ከተማ ዋጋ ይለዋውጣቸው። አንድ ሰው 2,400,000 ብር አውጥቶ 4 ክፍል ሠራና እያንዳንዱን በወር በ4,000 ብር አከራየ እንበል። መካሪው በወር 16,000፣ በዓመት 192,000 ብር አስቦ ገንዘብህ በ12 ዓመት ተኩል ይመለሳል ይለዋል። ክፍሎቹ ግን በዓመት ለሁለት ወር ያህል ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ፤ 160,000 ብር ቀረ። ለጥገና፣ ለቦቴ ውኃ፣ ለጥበቃና ለደላላ 30,000 ብር ቢወጣ 130,000 ይቀራል፤ የኪራይ ገቢ ግብሩ ተከፍሎ ሲታይ 120,000 ብር ያህል ነው። እንግዲህ ገንዘቡ የሚመለሰው በ20 ዓመት ነው፤ ፍሬውም ከመቶ 5 ነው። ብሔራዊ ባንክ ግን በ2010 የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 አድርጎታል። ከባንክ ተበድሮ የሚሠራ ሰው ደግሞ በብድሩ ላይ ከመቶ 15ና ከዚያም በላይ እየከፈለ ከመቶ 5 ይቀበላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ለባንኩ የሚሠራ ደመወዝ የሌለው ዘበኛ ሆኗል ብል አላጋነንሁም። በጀማሪነት ዘመን በብድር የኪራይ ቤት መሥራትን ፈጽሜ የምከለክለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ አንድ ብርቱ መልስ አላቸው፤ ንቄ አላልፈውም። «ብር እየቀለጠ ነው፤ በባንክ ያለው ገንዘብ በስም ይበዛል፣ በአቅም ያንሳል፤ ቤት ግን ዋጋውን ይጠብቃል» ይላሉ። እውነት አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ ገንዘቡን በሲሚንቶና በፌሮ የቀየረ ሰውም የዚያን ዕለት ተደስቶ ይሆናል። ነገር ግን የቤቱ ዋጋና የቤቱ ኪራይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቤቱ ዋጋ የሚጨምረው ገዢ ሲገኝ ነው፤ በሰመራ ደግሞ ገዢ እንደ አዲስ አበባ በየደጃፉ አይቆምም። ኪራዩ የሚከተለው የተከራዩን ደመወዝ እንጂ የዶላርን ዋጋ አይደለም፤ የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ ደግሞ በዚያ ሐምሌ እጥፍ አልሆነም። የአከራዩ ወጪ ግን ቀድሞ ይንራል፤ ቆርቆሮው፣ የውኃ መግፊያው ሞተር፣ የቆጣሪው ገመድ፣ የማቀዝቀዣው መለዋወጫ ከባሕር ማዶ ይመጣልና። ስለዚህ የዋጋ ንረት ለቤት ሻጭ ወዳጅ ቢሆንም ለቤት አከራይ ብዙውን ጊዜ ጠላት ነው፤ መካሪዎቹ ሁለቱን አንድ አድርገው በማየታቸው ጀማሪው የሻጩን ትርፍ እያለመ የአከራዩን ኑሮ ይኖራል።

የሕጉም ነገር ችላ ሊባል አይገባውም። የአባቶቻችን ትውልድ ሐምሌ 19 ቀን 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን አይቷል፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ ኪራዩም ዝቅ ብሎ ተወስኖ ለብዙ ዘመን ስላልተነቀነቀ ቤቶቹ ጥገና አጥተው ጎበጡ። ይህን የማነሣው ያው ነገር ይደገማል ብዬ ለማስፈራራት አይደለም፤ የኪራይ ገቢ ከብዙ ሌላ ገቢ ይልቅ በሕግ እጅ ውስጥ የሚኖር መሆኑን ለማሳየት ነው። በዘመናችንም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ኪራይም የሚጨመረው ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ክልሎች አዋጁ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ እየወሰኑ ስለሚሄዱ፣ ዛሬ ባይደርስብኝ ብሎ መተማመን ብልህነት አይደለም። «ለጊዜው አርክሰህ አስገባው፣ ከርሞ ትጨምርበታለህ» የሚለው የደላላ ምክር በዚህ ሕግ ፊት ጀማሪውን ለዓመታት የሚያስር ወጥመድ ነው፤ የመጀመሪያው ኪራይ ታስቦና ታምኖበት ይወሰን። እኔ በበኩሌ አዋጁን እንደ ክፉ አላየውም፤ ተከራይ ያለ ማስጠንቀቂያ ልጆቹን ይዞ በሙቀት ጎዳና ላይ የሚወድቅበት ዘመን ማብቃት አለበት።

ስለ መሬቱ በአጭሩ፦ መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ ሰው የሚገዛው የሊዝ መብትንና በላዩ ያለውን ቤት ነው፤ በ2004 በወጣው አዋጅ ለመኖሪያ የተሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ግንባታውም በጊዜ ገደብ መጀመርና ማለቅ አለበት። በአፋር ደግሞ በእያንዳንዱ ምድር ላይ የጎሣ ትዝታና መብት ስላለ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ካርታውን ያላረጋገጠ፣ የአካባቢውንም ሽማግሌዎች ያልጠየቀ እንግዳ በደላላ ወረቀት ብቻ ገንዘብ ሊቆጥር አይገባውም።

«አንተ እንደምትለው ከሆነ ማንም ቤት ባልሠራ ነበር» የሚለኝ ይኖራል። እንዲሠራ እወዳለሁ፤ የምለምነውም ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጠው ነው። በሰመራ ወይም በአዋሽ ሊያከራይ ያሰበ ጀማሪ አስቀድሞ ራሱ በዚያ ከሰኔ እስከ ነሐሴ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይቀመጥ፤ ሌሊት በግቢ ተኝቶ፣ ጀሪካን ይዞ የቦቴ ወረፋ ጠብቆ፣ የጎረቤቶቹን ደመወዝ ማን እንደሚከፍል፣ ካለፈው ቤታቸው ለምን እንደለቀቁ ይስማ። ከዚያ በራሱ ገንዘብ፣ በተረጋገጠ ካርታ ላይ፣ ባለ በረንዳ ሁለት ክፍል ብቻ ይሥራ፤ ከግቢው ግማሹን ለመኝታ ይተው፤ የስድስት ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ለጥገናና ለባዶ ወራት ለይቶ ያስቀምጥ። አንደኛውን ክፍል ለመንግሥት ሠራተኛ ቢያከራይ ሁለተኛውን ደመወዙ ከሌላ ለሚመጣ፣ ለሎጊያ ነጋዴ ወይም ቤተሰቡን በዚያ ላሰፈረ ነጂ ያከራይ። ሦስተኛውን ክፍል የሚጨምረው ሁለቱ ተከራዮች አንድ ሙሉ የሙቀት ወራት አሳልፈው ውላቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ያደሱ እንደሆነ ነው።